ዶክተር አክሊሉ ለማና የዓድዋ ወንዝ ትምህርት

ውሃን ከወንዝ ጠልፎ ወደ ደረቅ መሬት ማድረስ ከሙያችን ኩራቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በቦይ የሚጓዘው ውሃ ልምላሜን ብቻ ሳይሆን በሽታንም ይዞ ሊጓዝ ይችላል። ይህን ካስተማሩን ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መካከል ዶክተር አክሊሉ ለማ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። መሐንዲስ አልነበሩም፤ የሕይወት ታሪካቸው ግን መሐንዲስ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ምርምራቸውን በቢልሃርዝያ ላይ አደረጉ። የዚህ በሽታ ጠባይ እንደሚከተለው ነው። ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ የገባው የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል። እጩ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የሚታጠበውን፣ የሚሻገረውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በጊዜ ብዛትም እንደ ትሉ ዓይነት ጉበትን ወይም ፊኛን ይጎዳል። እንግዲህ ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢበጠስ በሽታው መተላለፉን ያቆማል ማለት ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ አካባቢ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ ተንሳፈው አዩ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ የእጥበቱን አረፋ ጥቂት አስጨምረው ቢመለከቱ ሞቱ። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ የሚታወቅ የልብስ ማጠቢያ ነው። ብዙ ሰው በየቀኑ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ መመርመራቸው የግኝቱ መነሻ ሆነ።

በ1966 በአገራቸው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ የሚጠራው በስማቸው ነው። ከእንዶድ ፍሬ ተነጥሎ የወጣው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገርም ስማቸውን ይዞ ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች እንዶድ በተግባር ተፈተነ። ከሙከራው በፊት ከመቶ 63 የነበረው የሕሙማን ብዛት ከሕዝቡ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ ለመዋል አልታደለም። ከውጭ የሚገዛው ቀንድ አውጣ ገዳይ ኬሚካል ውድ ነበር፤ የድኻ አገር ገበሬ በጓሮው የሚያበቅለው ተክል ግን ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል የጠበቀውን ድጋፍ በጊዜው አላገኘም። እርግጥ ነው፣ እንዶድ ዓሣንም የሚገድል በመሆኑ ጥብቅ የመርዛማነት ምርመራ ያስፈልገው ነበር። የሚያሳዝነው ምርመራው መጠየቁ ሳይሆን፣ ይህን የሚያካሂድ አቅምና ገንዘብ እስኪገኝ ብዙ ዓመታት መፍሰሳቸው ነው። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ተገኘና የብዙዎች ትኩረት ወደ ሕክምናው ዞረ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ዶክተር አክሊሉም በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መድኃኒቱ ሰውን ይፈውሳል፤ ውሃውን ግን አይፈውስም። የዳነው ሰው ወደዚያው ቦይ ሲመለስ ዳግመኛ ይያዛል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ድርሻ የሚመጣው። በአዋሽ ሸለቆ የወንጂ የስኳር እርሻ በ1950ዎቹ ከተስፋፋ በኋላ በመስኖ ቦዮቹ ቀንድ አውጣ ሠፍሮ የአንጀት ቢልሃርዝያ በሠራተኛው ቤተሰብ ዘንድ ተዛምቷል። ቀንድ አውጣ የሚመቸው አረም የበቀለበት፣ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ነው። የቦዩን ተዳፋት መወሰን፣ ግድግዳውን መለሰን፣ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ማበጀት፣ በሠራተኛው መንደር ንጹሕ ውሃ፣ ማጠቢያና መጸዳጃ አስቀድሞ መሥራት የበሽታውን ሰንሰለት ይበጥሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የውሃ ምሕንድስናና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር እንዲካሄድ መክሯል።

በብዙ የመስኖ ዕቅድ ላይ የማጠቢያውና የመጸዳጃው ወጪ ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዝ ነው። የሚሰርዘው እጅ ብዙ ጊዜ የእኛው ነው። ዶክተር አክሊሉ ከልብስ አጣቢዎቹ ዝቅ ብለው ወንዙን እንደተመለከቱ ሁሉ፣ እኛም ሥራችንን ካስረከብን በኋላ ከቦዩ ግርጌ ወርደን ልጆች የሚዋኙበትን ውሃ ማየት ይገባናል።