ፒተር ሜዳዋር፦ በንቅለ ተከላና በካንሰር መካከል

ጉበት የተተከለለት ሰው አዲሱን አካል ይዞ ለመኖር የራሱን በሽታ የመከላከል ሥርዓት በመድኃኒት ማዳከም ይኖርበታል። ይኸው ሥርዓት ደግሞ የካንሰር ሕዋሳትን ከሚያጠቁት የሰውነት ኃይሎች አንዱ ነው። ንቅለ ተከላው የተደረገው በጉበት ካንሰር ምክንያት ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ ጉበቱን የሚጠብቀው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ተደብቀው ለቀሩት የካንሰር ሕዋሳት ዕድል ይሰጣልና። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ሥር የተያያዙ መሆናቸውን ለመረዳት ካስቻሉት ሥራዎች መካከል የሰር ፒተር ሜዳዋር ምርምር ቀዳሚ ስፍራ አለው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን ከዚሁ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳዋር በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1915 በብራዚል ተወለዱ። አባታቸው ሊባኖስ የተወለዱ ነጋዴ፣ እናታቸው እንግሊዛዊት ነበሩ። ትምህርታቸውን በእንግሊዝ አገር ተከታትለው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማግደለን ኮሌጅ የእንስሳት ሳይንስ አጠኑ። በሙያቸው ሐኪም አልነበሩም። ወደ ሕክምናው ጥያቄ የሳባቸው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1940 ከኦክስፎርድ መኖሪያቸው አቅራቢያ አንድ የጦር አውሮፕላን ወድቆ አብራሪው ክፉኛ ተቃጠለ፤ ሐኪሞቹም ወጣቱን ተመራማሪ አማከሩ። የሰውነቱ ቆዳ በአመዛኙ ለተቃጠለ ሰው ከራሱ ገላ የሚወሰደው ቆዳ አይበቃም። ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ የያዘ መስሎ ቆይቶ ይረግፋል። ለምን እንደሚረግፍ ግን በወቅቱ ስምምነት አልነበረም።

ሜዳዋር ወደ ግላስጎው ተልከው ከቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ከቶማስ ጊብሰን ጋር ሠሩ። በእሳት የተቃጠለች አንዲት ሴት ከራስዋ ገላና ከወንድምዋ የተወሰዱ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ተተከሉላት። የራስዋ ቆዳ ጸና፤ የወንድምዋ ረገፈ። ዋናው ግኝት የመጣው ቀጥሎ ነው። ከዚያው ወንድም ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደው ቆዳ ሲተከል ከመጀመሪያው በፈጠነ ሁኔታ ጠፋ። ሰውነት ባዕዱን አስታውሶታል ማለት ነው፤ ማስታወስ ደግሞ በሽታን የመከላከል ሥርዓት መለያ ጠባይ ነው። ጥናቱ በ1943 ታተመ፤ ሜዳዋርም ውጤቱን በጥንቸሎች ላይ በተደጋጋሚ አረጋገጡ። በአንዲት በሽተኛ ላይ የታየውን ፍንጭ ይዞ ይህን ያህል መራቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ ግኝቱን ያጸናው ግን ከድፍረቱ ይልቅ ድግግሞሹ ይመስለኛል።

በ1947 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሆኑ በኋላ የገጠማቸው ጥያቄ ከሆስፒታል ሳይሆን ከከብት እርባታ የመጣ ነበር። ተመሳሳይ የሆኑና ያልሆኑ የጥጃ መንትዮችን በቆዳ ተከላ መለየት ይቻላልን? ከሩፐርት ቢሊንግሃም ጋር ሲሞክሩት ያልጠበቁት ሆነ፤ ተመሳሳይ ያልሆኑት መንትዮችም አብዛኞቹ የእርስ በርስ ቆዳቸውን ተቀበሉ። የዚህ ምክንያት ፍንጭ በአሜሪካ በሬይ ኦወን ጥናት በ1945 ተገልጾ ነበር፦ መንትያ ጥጆች በማኅፀን ሳሉ በተገናኘ እንግዴ ልጅ በኩል ደም ይለዋወጣሉ። አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔትም ሰውነት የራሱን ከባዕዱ መለየት የሚማረው ገና በፅንስነቱ እንደሆነ ገምተው ነበር። ሜዳዋር፣ ቢሊንግሃምና ሌስሊ ብሬንት ግምቱን በለንደን በአይጦች ላይ ፈተኑት። ገና ባልተወለዱ አይጦች ላይ የሌላ ዘር አይጥ ሕዋሳት ወጉ፤ አይጦቹ ካደጉ በኋላም ብዙዎቹ የዚያን ዘር ቆዳ እንደ ራሳቸው ተቀበሉ። በ1953 የታተመው ይህ ሥራ ሜዳዋርንና በርኔትን በ1960 ለኖቤል ሽልማት አበቃ። ሜዳዋር የሽልማቱን ገንዘብ ለቢሊንግሃምና ለብሬንት አካፈሉ።

ስለ ካንሰር ለሚያጠና ሰው ግን ከዚያው ሥራ ይበልጥ የሚያነጋግረው ሌላ ክፍል ነው። ባዕድ ቆዳ ለተቀበለ አይጥ ያንን ባዕድ አስቀድሞ ከሚያውቅ ዘመድ አይጥ የሊምፍ ዕጢ ሕዋሳት ሲሰጡት የጸናው ቆዳ ይረግፋል። የመቃወም ኃይሉ ያለው በሕዋሳት ውስጥ ነበር። የሜዳዋር ተማሪ የነበሩት አቭሪዮን ሚቺሰንም በዚያው ዘመን በአይጥ የካንሰር ዕጢዎች ተጠቅመው ተቃውሞው በሊምፍ ሕዋሳት አማካይነት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳዩ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት መታወስ አለበት። ከክፍለ ዘመኑ መባቻ ጀምሮ ብዙ ተመራማሪዎች የአንዱን አይጥ ካንሰር ለሌላው እየተከሉ ዕጢው ሲጠፋ ካንሰርን የሚያድን ተፈጥሯዊ መከላከያ ያገኙ መስሏቸው ነበር። የጠፋው ግን ካንሰር በመሆኑ ሳይሆን ባዕድ በመሆኑ ነው። ፒተር ጎረር በ1930ዎቹ ይህን ማጥራት ጀመሩ፤ በ1957 ደግሞ ፕሬንና ሜይን በዘር ፍጹም ተመሳሳይ በሆኑ አይጦች ላይ በኬሚካል የተፈጠሩ ዕጢዎች የራሳቸው መለያ እንዳላቸውና ሰውነትም እንደሚቃወማቸው አሳዩ። ጉበት በተተከለለት ሰው ውስጥ ሁለቱ ተቃውሞዎች በአንድ ገላ ይገናኛሉ፦ አንደኛው ለጋሹን፣ ሌላው ካንሰሩን።

ሁለቱን በአንድ ሐሳብ ለማሰር የተደረገው ሙከራ የሜዳዋርን ስም ይነካል። ሜዳዋር በአንድ ጉባኤ ላይ ስለ ባዕድ አካል ተቃውሞ ላቀረቡት ጽሑፍ አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ቶማስ አስተያየት ሰጡ። ተፈጥሮ ቀዶ ሐኪሞችን ለማስቸገር ብላ ይህን ኃይል ልትሠራ አትችልም፤ እውነተኛ ተግባሩ በገዛ ሰውነት ውስጥ የሚበቅለውን ካንሰር መከታተል ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። ይህ በ1959 ታተመ፤ በርኔትም ሐሳቡን አስፋፉት።

ሜዳዋር ራሳቸው ስለ ግኝታቸው ተግባራዊ ጥቅም ቁጥብ ነበሩ። ሮይ ካልን የተባሉት ወጣት ሐኪም በ1959 በኦክስፎርድ ንግግራቸውን ሲሰሙ አንድ ተማሪ ሥራው ለሕክምና ይጠቅም እንደሆነ ጠየቀ፤ ሜዳዋርም ምንም ጥቅም እንደሌለው መለሱ። መልሱ ቸልተኝነት አልነበረም፤ ዘዴው የሚሠራው በፅንስ ላይ ነበርና። ካልን ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በ1968 በካምብሪጅ ጉበት መትከል ጀመሩ። በ1969ም በአሳማዎች ላይ የተተከለ ጉበት ያለ መድኃኒት ሊጸና እንደሚችልና ከዚያው ለጋሽ የሚመጣ ሌላ አካል እንዲያዝ እንደሚረዳ አሳተሙ።

ሜዳዋር ከ1962 ጀምሮ በለንደን ሚል ሂል ይገኝ የነበረውን ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም መሩ። በ1966 ከሌቪ ጋር ሊምፎሳይትን የሚያጠቃ ሴረም በአይጦች ላይ የባዕድ ቆዳን ዕድሜ እንደሚያራዝም ገለጹ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ቶማስ ስታርዝል በ1963 የሞከሯቸው የመጀመሪያዎቹ የጉበት ተከላዎች በሳምንታት ውስጥ በሞት ተደምድመው ነበር። በ1967 ግን ከተለመዱት መድኃኒቶች ጋር ከፈረስ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ሴረም ጨምረው ሲሠሩ በጉበት ካንሰር የታመመች የ19 ወር ሕፃን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች። ጉበቱ ጸንቶ ሳለ ሕፃኗን የገደላት ተመልሶ የተሰራጨው ካንሰር ነው። ብዙም ሳይቆይ የዚያው የስታርዝል ቡድን አባላት አካል በተተከለላቸው ሰዎች ላይ አዲስ የሚነሡ የሊምፍ ካንሰሮችን መዘገቡ።

በሴፕቴምበር 1969 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ሜዳዋር በኤክሰተር ካቴድራል መጽሐፍ ሲያነቡ በአንጎል ደም መፍሰስ ተመቱ። የግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። በ1971 ዳይሬክተርነታቸውን ለቀቁ፤ ምርምራቸውን ግን በባለቤታቸው በጂን እየተደገፉ በለንደን አጠገብ በሃሮው ቀጠሉ። የመረጡት ርእስ ካንሰር ነበር፤ በፅንስ ሕዋሳት ክትባት ዕጢን መከላከል ይቻል እንደሆነ መረመሩ። ያ መንገድ የተጠበቀውን ሕክምና አላስገኘም። ሜዳዋር በኦክቶበር 2 ቀን 1987 በለንደን ዐረፉ።

የቶማስና የበርኔት ሐሳብም የራሱ ውጣ ውረድ ነበረው። በ1970ዎቹ ታይመስ በሌላቸው አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የተጠበቀውን የካንሰር ብዛት ባለማሳየቱ ሐሳቡ ተዳከመ፤ በ2001 አካባቢ በሌሎች የአይጥ ዝርያዎች ማስረጃ እንደገና ተነሣ። በንቅለ ተከላ ሕሙማን ላይ የሚበዙት ካንሰሮች ብዙዎቹ ከቫይረስ ጋር የተያያዙ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር የሚመጣው የሊምፍ ካንሰር አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ሲቀነስ ብቻ እንደሚሟሽሽ ስታርዝልና ባልደረቦቻቸው በ1984 አሳይተዋል። ለጉበት ካንሰር ግን እንዲህ ያለ መልስ አይገኝም። በ1996 የወጣው የሚላን መስፈርት፣ ማለትም ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ አንድ ዕጢ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ 3 ዕጢዎች፣ ችግሩን ያቃለለው በሽተኛን በመምረጥ እንጂ የመከላከያ ሥርዓቱን በመለወጥ አይደለም። ዛሬ የካንሰር ገዳይ ሕዋሳትን ልጓም የሚፈቱ መድኃኒቶች አሉ። ጉበት ለተተከለለትና ካንሰሩ ለተመለሰበት ሰው ሲሰጡ ግን የተፈቱት ሕዋሳት በለጋሹ ጉበት ላይም ሊነሡ ይችላሉ፤ በዚህም ምክንያት ጉበታቸውን ያጡና የሞቱ ሕሙማን ተመዝግበዋል።