ሜልቪል ዲዊና የሌክ ፕላሲድ በረዶ

በ1965 የታተመውን የዲዊ አስርዮሻዊ አመዳደብ 17ኛ እትም ገልጦ የሠራ የሙያ ባልደረባችን ከርእሱ ገጽ ግርጌ አንድ እንግዳ አድራሻ ማየቱ አይቀርም፤ ይኸውም በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የሌክ ፕላሲድ ክለብ ነው። የዓለምን ዕውቀት በቍጥር ያከፋፈለ መጽሐፍ ከአንድ የመዝናኛ ክለብ መውጣቱ ያስገርማል። ነገሩ የሚገባን የባለቤቱን ሕይወት፣ በተለይም የመጨረሻ ዓመታቱን ስንከተል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሜልቪል ዲዊ ዲሴምበር 10 ቀን 1851 በሰሜናዊ ኒው ዮርክ፣ አዳምስ ሴንተር በምትባል መንደር ተወለደ። ከወጣትነቱ ጀምሮ በከንቱ የሚባክን ጊዜ እንደ ሕመም ያሠቃየው ነበር። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ውስጥ የማይነበቡ ፊደላትን አጥብቆ ከመጥላቱ የተነሣ ከራሱ ስም ላይ ሳይቀር ፊደላት ቀነሰ። በ1876፣ ገና 24 ዓመቱ ሳለ፣ በአምኸርስት ኮሌጅ ያዘጋጀውን ባለ 44 ገጽ የአመዳደብ መጽሐፍ ስሙን ሳይጽፍበት አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካን የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በ1887 በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የኮሌጁ አስተዳዳሪዎች ቢቃወሙም ሴቶችን ተቀበለ። ከዚያም በአልባኒ የግዛቲቱ ቤተ መጻሕፍት ዲሬክተር ሆነ። ይህ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም።

ወደ ሌክ ፕላሲድ የወሰደው በሽታ ነው። ዲዊም ሆነ እንደ እርሱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረችው ባለቤቱ አኒ አበባና ሣር ሲያብብ በሚነሣ የማስነጠስና የመታፈን ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ንጹሕ አየር ሲፈልጉ በአዲሮንዳክ ተራሮች መካከል ያለውን ሐይቅ አገኙና በ1895 ክለቡን መሠረቱ። እንደ አካባቢው ልማድ ቤቶቹ የሚከፈቱት በሞቃቱ ወራት ብቻ ነበር። ዲዊ ግን ዓመቱን ግማሽ ተዘግቶ የሚውል ቤት አልዋጥለት ስላለ፣ ከ1904 ወደ 1905 በተሻገረው የብርድ ወራት ክለቡን ለጥቂት እንግዶች ክፍት አድርጎ አቈየው። የበረዶ መንሸራተቻ ስኪም ከኖርዌይ አስመጣ። ብርዱን ሰው የሚሸሸው ሳይሆን ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበት ነገር በማድረግ በአገሩ ፈር ከቀደዱት አንዱ እርሱ ነው።

በሩ ግን ለሁሉ አልተከፈተም። ክለቡ አይሁድንና ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በቍጥሮቹ መጽሐፍ የሚደረድር ሰው በዚያ ዘመን የክለቡን ደጃፍ መርገጥ ባልቻለም ነበር። በ1905 የታወቁ የአይሁድ መሪዎች፣ የሕዝብ ደመወዝ የሚበላ ሹም እንዲህ ያለ ቤት ሊያስተዳድር አይገባውም ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ፤ ዲዊም ተወቅሶ ከአልባኒ ሥራው ለቀቀ። በዚያው ሰሞን በሙያ ባልደረቦቹ ሴቶች ላይ ያልተገባ ድርጊት መፈጸሙ ስለ ተነገረበት ከማኅበሩ እንቅስቃሴ ተገለለ። ማኅበሩ በስሙ ይሰጥ የነበረውን ሜዳልያ ስም የለወጠው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ2019 ነው። መዘግየቱ ለማኅበሩ የሚያኰራ አይደለም።

ከሥራው የተፈናቀለው ዲዊ ጉልበቱን ሁሉ በክለቡ ላይ አዋለ፤ ክለቡም በበረዶ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ በረዶ ከዝናብ ጋር የሚወርደውም ጠጠር፣ የረጋውም ውሃ፣ እንደ ጥጥ የሚዘንበውም ነው። ለስፖርቱ ሰዎች ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ያህል ነው፤ የስኪ ሯጭ የሚፈልገው ጥጡን ነው፣ በጫማ ስለት የሚንሸራተተው የረጋውን። ሁለቱንም አንድ ሞቃት ቀን ያጠፋቸዋል።

ይህን አንድያ ልጁ ጎድፍሬይ በዓይኑ አይቶታል። በ1928 በስዊስ አገር ሳንክት ሞሪትስ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የአሜሪካ የስኪ ቡድን መሪ ነበር። በዚያ ውድድር ሞቃት ነፋስ ነፍሶ፣ የ50 ኪሎ ሜትር ሩጫ በሚደረግበት ዕለት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 25 ደረሰ፤ የ10,000 ሜትር የመንሸራተት ውድድርም መሬቱ ስለ ቀለጠ ተሰረዘ። ሳንክት ሞሪትስ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፤ ሌክ ፕላሲድ 600 ሜትር እንኳ አትሞላም። ጎድፍሬይ ይህን እያወቀ የሚቀጥለውን ውድድር ለአባቱ መንደር ጠየቀ፤ በ1929 ሎዛን ላይ ተፈቀደለት።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ ተራ በተራ መጣ። የአሜሪካ ኤኮኖሚ ወደቀ። ቦብስሌድ ለሚባለው፣ በበረዶ ቦይ ቍልቍል ለሚወረወረው ተንሸራታች የታሰበው ቦታ የግዛቲቱ ጥብቅ ደን ስለ ነበር ፍርድ ቤት ዛፍ መቍረጡን ከለከለ። ቦዩ ወደ ክለቡ መሬት ሲዛወር ደግሞ አይሁድ የማይገቡበት ክለብ በሕዝብ ገንዘብ ሊጠቀም ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ የአባት ዕዳ ለልጅ ደረሰ ማለት ነው። ነገሩ የተፈታው መሬቱን የመጠቀም ዘላቂ መብት ለግዛቲቱ በመስጠት ነው። ለአየሩ ጠባይ የተገኘው ዋስትና አንድ ብቻ ነበር፤ ጣራ ያለው አዳራሽ ተሠርቶ የሥነ ጥበብ መንሸራተት በክረምት ኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውስጥ ገባ።

ሽማግሌው ዲዊ በእነዚህ ዓመታት የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው በሞቃቲቱ ፍሎሪዳ ነበር። እዚያም ሌላ ክለብ አቋቁሞ፣ ከተማይቱ በ1927 ስሟን ለውጣ ሌክ ፕላሲድ እንድትባል አድርጓል። ለሌላው ሰው ብርድን የሸጠ ሰው በእርጅናው ፀሐይን መምረጡን አልነቅፍበትም። ዲሴምበር 26 ቀን 1931፣ 80 ዓመት በሞላው በ16ኛው ቀን፣ በዚያው በፍሎሪዳ ሞተ። የውድድሩ መክፈቻ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

ልጁ ከሐዘኑ ጋር ሰማይ ሰማይ እያየ ቀረ። የ1932 ጃንዋሪ በምሥራቃዊ አሜሪካ ከተለመደው እጅግ የሞቀ ወር ሆነ። ሠራተኞች ጥላ ካለበት ጫካ በረዶ በአካፋ እየዛቁ የሩጫውን መንገድ አለበሱ፤ ከሩቅም በጭነት መኪና ተጋዘ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን የግዛቲቱ አገረ ገዥ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ17 አገሮች ስፖርተኞች ፊት ውድድሩን ከፈተ። በመካከሉ ሙቀቱ ተመልሶ የቦብስሌዱን ቦይ አበላሸ፤ የባለ አራት ሰዎቹ ውድድር ተላለፈ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን ደግሞ የ50 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ሊጀመር ሲል ያ ሁሉ ሰው ሲለምነው የሰነበተው በረዶ ከማዕበል ጋር ወረደ። ዳኞችና ሯጮች ስለ መንገዱ ሲከራከሩ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ሩጫው በውሽንፍሩ ውስጥ ተካሄደ። የመዝጊያው ሥነ ሥርዓትም በዚያው ዕለት ተፈጸመ። ተንሸራታቾቹ የመጨረሻውን ቍልቍለት የወረዱት ግን ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ነው።