የሴልቦርኑ ጊልበርት ዋይት

ሰፊውን ዓለም ዞሮ ያየ ሁሉ ብዙ ያውቃል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ዕድሜውን በአንዲት የገጠር መንደር አሳልፎ ለመላው ዓለም የሚተርፍ ዕውቀት ያበረከተ ሰው ነበረ፤ እርሱም ጊልበርት ዋይት ነው።

ጊልበርት ዋይት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1720 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በሃምፕሺር አውራጃ፥ ሴልቦርን በምትባል መንደር ተወለደ። በኦክስፎርድ በኦሪየል ኮሌጅ ተምሮ በ1744 ዓ.ም. የኮሌጁ ባልደረባ ሆነ። ኋላም ክህነት ተቀብሎ በትውልድ መንደሩና በአካባቢዋ በረዳት ካህንነት አገለገለ። የሴልቦርን ደብር አለቅነት የሌላ ኮሌጅ ሹመት ስለ ነበረ ለእርሱ ሊደርሰው አልቻለም። ይህም ሆኖ ከመንደሩ መራቅን አልመረጠም።

በ1751 ዓ.ም. የአትክልቱን ሁኔታ መመዝገብ ጀመረ፤ ከ1768 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ የአየሩን ጠባይ፥ የአበቦችን መፍካት፥ የወፎችንም መምጣትና መሄድ ዕድሜውን ሙሉ ጻፈ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት የሞቱ ወፎችን ሬሳ ሲመረምሩ፥ እርሱ በሕይወት ሳሉ ጠባያቸውን ተመለከተ፥ ዜማቸውንም አዳመጠ። በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ሦስት ትናንሽ ወፎች ልዩ ልዩ ወገን መሆናቸውን በድምፃቸው የለየው በዚህ መንገድ ነው። ሰው የሚንቀው የመሬት ትል አፈሩን እየበሳና እያለሰለሰ ለተክል እንደሚጠቅምም አስረዳ። ቻርልስ ዳርዊን ስለዚሁ ፍጥረት ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው ከዚያ በኋላ በ1881 ዓ.ም. ነበረ።

ዋይትን አጥብቆ ያሳሰበው ጥያቄ ግን በቤት ክዳን ሥር ጎጆ የሚሠሩት ጨረባዎች በብርዱ ወራት ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነበረ። በጂብራልታር የነበረው ወንድሙ ጆን የወፎችን ወደ አፍሪካ መሻገር ጽፎለታል። ዋይትም የብዙዎቹን ጉዞ አመነ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በጕድጓድ ወይም በቍጥቋጦ ውስጥ አንቀላፍተው ብርዱን ያሳልፋሉ የሚለውን የጥንት ሐሳብ ፈጽሞ አልተወም። በ1781 ዓ.ም. ሠራተኞች አሰማርቶ የኰረብታውን ቍጥቋጦ አስፈተሸ፤ የተኛ ወፍ ግን አልተገኘም። እርሱም ያላገኘውን አገኘሁ ሳይል፥ ጥርጣሬውንም ሳይሸሽግ፥ ነገሩን እንደ ሆነው ጻፈው። በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በእግሯ ቀለበት የታሰረላት ጨረባ በ1912 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በናታል በተገኘች ጊዜ መንገዱ ታወቀ። የዚሁ ወገን መንገደኞች በእኛ የበጋ ወራት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ይታያሉ።

ለቶማስ ፔናንትና ለዴይንስ ባሪንግተን የጻፋቸው ደብዳቤዎች የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ በተባለው መጽሐፉ ተሰብስበው በ1789 ዓ.ም. ወጡ። እርሱም በ1793 ዓ.ም. በ72 ዓመቱ በዚያችው መንደር ዐረፈ።

እኛ መምህራን የመማሪያ መሣሪያ አነሰን ብለን ብዙ ጊዜ እናዝናለን፤ ሐዘናችንም ከንቱ አይደለም። ሆኖም የዋይት መሣሪያ ዓይኑ፥ ጆሮው፥ ደብተሩና ትዕግሥቱ ነበሩ። ተማሪው በትምህርት ቤቱ ጓሮ ያለችውን ወፍ ተመልክቶ ያየውን ብቻ በእውነት እንዲጽፍ ብናስተምረው፥ የዕውቀትን ትልቁን በር ከፈትንለት ማለት ነው።