ከምድር ባቡር እስከ ሞስኮ ኤምባሲ፦ የአቬሬል ሃሪማን ሕይወት

ነጋዴ አምባሳደር ሆኖ ሲሾም ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን ሹመቱን ገንዘብ ገዛው ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ በገበያ የሠለጠነ ሰው በድርድርም ይሠለጥናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። የአሜሪካዊው የዊልያም አቬሬል ሃሪማን ሕይወት ለሁለቱም ወገኖች መከራከሪያ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ከዚህ ሕይወት የምናገኘው አንድ ትምህርት ነው፤ ይኸውም አፈጻጸሙን ለመመርመር የማይቻል ውል ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪማን በ1891 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤድዋርድ ሃሪማን እንደ ዩኒየን ፓሲፊክ ያሉትን ታላላቅ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ይመራ የነበረ ስመ ጥር ባለጸጋ ሲሆን፣ በ1909 ሲሞት ልጁ ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበረ። ልጁ በ1913 ከየል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በዚያው ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፔንሲልቬኒያ መርከብ ወደ መሥራት፣ በ1920ዎቹ ደግሞ ወደ ባንክ ሥራ ተሻገረ። ሀብቱን በውርስ ማግኘቱ አይካድም፤ ይሁን እንጂ የወረሰውን ተቀምጦ አልበላም።

በ1925 የሃሪማን ኩባንያ በጆርጂያ ቺያቱራ በተባለ ስፍራ የሚገኘውን ማንጋኒዝ ለ20 ዓመት ለማውጣት ከሶቪየት መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ማንጋኒዝ ጠንካራ ብረት ለመሥራት የግድ የሚያስፈልግ ማዕድን ስለሆነ ውሉ በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ አትራፊ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን የዓለም ገበያ ዋጋ ወረደ፤ ከዩክሬን የሚወጣው ማንጋኒዝም ተፎካካሪ ሆነበት። ሃሪማን በ1926 መጨረሻ ራሱ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ከትሮትስኪ ጋር ተነጋገረ። በ1928 ውሉ በስምምነት ፈረሰና የካሣ ዕዳ ሰነድ ተቀበለ። ያሰበውን ትርፍ ባያገኝም ከሶቪየት ሹማምንት ጋር እንዴት እንደሚዋዋሉ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ወጣ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አሜሪካዊ ጥቂት ነበረ።

በ1932 የዩኒየን ፓሲፊክ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ። ወቅቱ የኢኮኖሚ ውድቀት የደረሰበትና መንገደኛው ባቡርን እየተወ በአውቶሞቢል መሄድ የጀመረበት ነበር። ኩባንያው በ1934 ከቀላል የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ ነፋስን ሰንጥቆ እንዲያልፍ ቅርጹ የተስተካከለ ፈጣን ባቡር አወጣ። በዚያው ዓመት ተከታዩ ባለ ዲዝል ሞተር ባቡር ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ ከ57 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደረሰ። በ1936 ደግሞ ኩባንያው በአይዳሆ የበረዶ መዝናኛ ሲከፍት፣ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ሙዝ በመርከብ ላይ ከሚጫንበት መሣሪያ ሐሳብ ወስዶ ሰውን ወደ ተራራ የሚያወጣ በገመድ የሚጎተት ወንበር ሠራ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃሪማንን ከንግድ አወጣው። በ1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጦር መሣሪያ እርዳታ እንዲያፋጥን ወደ ለንደን ላከው፤ በዚያው ዓመት ወደ ሞስኮ ተጉዞ ለሶቪየት ኅብረት ስለሚሰጠው እርዳታ ተደራደረ። በጥቅምት 1943 በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነ።

ከባዱ ፈተና በነሐሴ 1944 መጣ። የዋርሶ ሕዝብ በጀርመኖች ላይ ሲነሣ፣ ሃሪማን የአሜሪካ አውሮፕላኖች እርዳታ ጥለው በዩክሬን በሚገኘው የጦር ሰፈር እንዲያርፉ ፈቃድ ጠየቀ። ሰፈሩ ራሱ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የተከፈተ ነበር። የሶቪየት መንግሥት ግን እምቢ አለ፤ በመስከረም ሐሳቡን ሲለውጥ ጊዜው አልፎ ነበርና ከተማይቱ በጥቅምት መጀመሪያ እጇን ሰጠች። ሃሪማን ከዚያ በኋላ ለዋሽንግተን የሚልከው ማሳሰቢያ እየጠነከረ ሄደ፤ እርዳታ ሲሰጥ በምትኩ ግልጽ ግዴታ መጠየቅ እንደሚገባም አጥብቆ ተከራከረ።

ይሁንና ጠንቃቃ ሰውም ይታለላል። በ1945 የሶቪየት ተማሪዎች ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካን መንግሥት ማኅተም አበረከቱለት፤ እሱም በአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በውስጡ ሌቭ ቴርሜን የፈለሰፈው የመስሚያ መሣሪያ ተደብቆ ነበር። ባትሪም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ አልነበረውም፤ ከውጭ የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ስስ ሽፋኑ በንግግር ድምፅ እየተርገበገበ ሞገዱን ለውጦ ይመልስ ነበር። እስከ 1952 ድረስ አልተገኘም።

ሃሪማን ኋላ በለንደን አምባሳደር፣ የንግድ ሚኒስትርና የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሆነ፤ በ1952ና በ1956 ለፕሬዚዳንትነት የፓርቲውን ዕጩነት ቢፈልግም አላገኘም። ትልቁን ሥራውን የፈጸመው በ71 ዓመቱ ነው። በሐምሌ 1963 በሞስኮ ተደራድሮ በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራን የሚከለክለው ውል ተዘጋጀ። የከርሰ ምድሩ ሙከራ ከውሉ ውጪ ቀረ፤ ምክንያቱም ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመለየት ያስቸግር ስለነበር በቦታው ተገኝቶ መመርመር ያስፈልግ ነበር፤ በምርመራውም ብዛት ሁለቱ ወገኖች አልተስማሙም። ከሩቅ ሊታወቅ የሚችለው ግን ተፈረመ፤ ብዙ ሕዝብም ከሰማይ ከሚወርድ መርዛም አቧራ ዳነ።

ሃሪማን በሐምሌ 1986 በ94 ዓመቱ ዐረፈ። በሥራ ውል ላይ የሚፈርም መሐንዲስ ሁሉ ስለዚህ ነጋዴ ሊያስታውሰው የሚገባው፣ መላውን ባለማግኘቱ ሊለካ የሚቻለውን ክፍል አለመተዉን ነው።