ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት

በከተማችን በጎንደር ስለ ነገሥታቱና ስለ ግንቦቻቸው ሲነገር ያልሰማ ተማሪ የለም። ከከተማዋ ከንቲቦች የአንደኛውን ልጅ ታሪክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን የከንቲባ ገብሩ ደስታን ልጅ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

ከንቲባ ገብሩ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተወልደው፣ በሚስዮናውያን እጅ አድገው፣ በኢየሩሳሌምና በስዊስ አገር የተማሩ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመንም የጎንደር ከንቲባ የሆኑ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ከንቱ ነገር በሚቈጠርበት ጊዜ፣ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም የተወለዱትን ልጃቸውን ስንዱን ወደ ስዊስ ልከው አስተማሩ።

ወይዘሮ ስንዱ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቈይ፣ በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። እርሳቸውም በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም አዚናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በደሴ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያይቱ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ ድርሰትም አላቸው።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ለ210 ወንበሮች ውድድር ሲደረግ፣ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያይቱ የምክር ቤት ሴት ሆኑ። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ምክትል ሲባል ብዙ ሰው ሥራ የሌለው የክብር ስም ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ምክትል አፈ ጉባኤ የምንለው ባለሥልጣን፣ ዋናው በሌለ ጊዜ በወንበሩ ተቀምጦ ስብሰባውን የሚመራ ነው። ተናጋሪዎችን በተራ ይጠራል፤ ከጉዳዩ የወጣውን ይመልሳል፤ ሥርዓት ያስከብራል፤ ድምፅ አሰጥቶ ውጤቱን ያስታውቃል። በወንበሩ ሳለ ለሚወደውም ለሚቃወመውም እኩል ዕድል ይሰጣል እንጂ ለራሱ ሐሳብ አያደላም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ይደነግግ ነበር፤ ድንጋጌው የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ነው። በቤት ውስጥ የመጨረሻው ቃል የባል ነው በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ በምክር ቤት መኳንንቱም ባለርስቱም ለመናገር ከአንዲት ሴት ፈቃድ የሚጠይቁበት ሥልጣን ተገኘ። ያንን ሥልጣን ለወይዘሮ ስንዱ ያስገኘላቸው ዕውቀትና የሥራ ታማኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ኋላ በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተው፣ በ2001 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ዐረፉ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፣ መምህራንና ወላጆች፣ ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው ለትምህርት ወደ ከተማ የሚመጡ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው። በዚህ ባለፉት ዓመታት ጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውም አሉ። ወይዘሮ ስንዱም ጦርነትና ግዞት መንገዳቸውን ዘግቶባቸው ነበር፤ ነገር ግን ተመልሰው መጀመሪያ የያዙት ጠመኔ ነው፤ የምክር ቤቱ ወንበር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ትምህርቷ የተቋረጠባትን ልጅ ጊዜው አልፎባታል ብላችሁ ለትዳር አትቸኵሉባት። እኛም ወንዶች ተማሪዎች በክፍልና በክበብ ስብሰባ ለእኅቶቻችን ተራቸውን መስጠትን ከዛሬው እንልመድ።