ቪቪያን ውድዋርድ፤ ያለ ደመወዝ የተጫወተው አምበል

እንግሊዛዊው አጥቂ ቪቪያን ውድዋርድ እንጀራው የሥነ ሕንፃ ሙያ ነበር፤ ኳስ ግን ፍቅሩ። እ.ኤ.አ. በ1879 ለንደን ተወልዶ ለቶተንሃምና ለቼልሲ ሲጫወት ደመወዝ የሚባል ነገር አልነካም። ለእንግሊዝ በ23 ጨዋታ 29 ጎል አግብቷል። ኳስ አገር አሳይታዋለች፤ በ1908 ቪየናና ቡዳፔስት፣ በ1912 ደግሞ ስቶክሆልም። በሁለቱም ዓመት የታላቋ ብሪታንያን ቡድን እየመራ ዴንማርክን ረትቶ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል።

በ1915 ቼልሲ ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲደርስ ከጦሩ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ቡድኑን ለዚያ ያበቃውን የቦብ ቶምሰንን ቦታ መንጠቅ ግን አልፈለገም፤ ቼልሲም 3 ለ 0 ተሸነፈ።

በ1916 ግንባር ላይ የእጅ ቦምብ ጭኑን አቆሰለው። ታክሞ በዚያው ዓመት ወደ ውጊያው ቢመለስም የትልቁ ሜዳ ዘመኑ አበቃ። በኋላ የቼልሲ ቦርድ አባል ሆኖ አገልግሎ በ1954 አረፈ።