የሰርጌ ፕሮኩዲን ጎርስኪ ሕይወትና የመስታወት ፎቶግራፎቻቸው ዕጣ

ፎቶግራፍ ማንሣት አንድ ሙያ ነው፤ የተነሣውን ፎቶግራፍ ከሰውና ከዘመን ጥፋት አድኖ ማቆየት ግን ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው ሕይወት የተፈተኑበት ታሪክ ቢፈለግ የሩሲያዊው የኬሚስትሪ ሊቅና ፎቶግራፍ አንሺ የሰርጌ ሚካሂሎቪች ፕሮኩዲን ጎርስኪ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ መካከል ይቆጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮኩዲን ጎርስኪ በ1863 በሩሲያ ቭላድሚር ክፍለ ሀገር ከመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለዱ። ትዳር ከመሠረቱ በኋላ በአማታቸው የብረታ ብረት ፋብሪካ በኃላፊነት ሠርተዋል፤ ልባቸው ግን ከፋብሪካው ይልቅ ወደ ፎቶግራፍ ኬሚስትሪ ያደላ ነበር። በ1901 በሴንት ፒተርስበርግ የራሳቸውን ፎቶግራፍ ቤትና ላቦራቶሪ ከፈቱ። በ1902 ወደ በርሊን ተጉዘው በቀለም ፎቶግራፍ ምርምር ስመ ጥር ከነበሩት ከፕሮፌሰር አዶልፍ ሚቴ ዘንድ ተማሩ። በ1906 ደግሞ ለአማተር ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚታተም የሩሲያ መጽሔት አዘጋጅ ሆኑ።

ከሚቴ የቀሰሙት ዘዴ እንደሚከተለው ነው። ስፋቱ 9፣ ቁመቱ 24 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ አንድ መስታወት በካሜራው ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ እየተንሸራተተ ያንኑ ትዕይንት ሦስት ጊዜ ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ በሰማያዊ፣ አንድ ጊዜ በአረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ በቀይ የብርሃን ማጣሪያ በኩል። በመስታወቱ ላይ የሚቀረው ቀለም አይደለም፤ ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ብቻ ናቸው። ቀለሙ የሚወለደው ሦስቱ ምስሎች በእነዚያው ማጣሪያዎች በኩል በፕሮጀክተር በርተው በሸራ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፉ ነው። ሦስቱ በአንድ ቅጽበት ስለማይነሡ የሚፈስ ውሃና የሚንቀሳቀስ እጅ በጠርዛቸው የቀለም ጥላ ይጥላሉ። ዘዴው ድንቅ ውጤት ቢያስገኝም አንድ ከባድ ጣጣ ነበረበት፤ ሦስቱም ምስሎች በአንዱ መስታወት ላይ ስለሆኑ መስታወቱ የተሰበረ ዕለት ሥራው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

በ1908 የደራሲውን የሌቭ ቶልስቶይን ምስል በቀለም አነሡ። ፎቶግራፉ በብዛት ታትሞ በመሠራጨቱ ስማቸው እስከ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በ1909 ዛር ኒኮላስ 2ኛ ፊት ቀርበው ሥራቸውን አሳዩ፤ ሰፊውን የሩሲያ ግዛት በቀለም ፎቶግራፍ ለመመዝገብ ያወጡትን ዕቅድም አስረዱ። ዛሩ ዕቅዱን ወደዱት። ጨለማ ክፍል የተገጠመለት የባቡር ፉርጎ ተሰጣቸው፤ ወደ ተከለከሉ ቦታዎች የሚያስገባና ባለ ሥልጣኖች እንዲተባበሯቸው የሚያዝ ፈቃድም ተጻፈላቸው። መንግሥት የቻለው ግን የጉዞውን ወጪ ነው፤ የመስታወቱና የመድኃኒቱ ዋጋ ከራሳቸው ኪስ ይወጣ ነበር።

ከ1909 እስከ 1915 ባሉት ዓመታት በማሪንስኪ የውሃ መስመር፣ በኡራል ተራሮች፣ በካውካሰስና በመካከለኛው እስያ ተዘዋወሩ። የቡኻራውን አሚር በሰማያዊ የሐር ካባቸው፣ በጆርጂያ ቻክቫ ሻይ የሚለቅሙ ሴቶችን፣ በሴሊገር ሐይቅ ላይ ያለውን የቅዱስ ኒል ገዳም አነሡ። በ1909 የቼርኒጎቭ የውሃ በር ኃላፊ የነበሩትን ፒንኩስ ካርሊንስኪን ያነሡበት ፎቶግራፍ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ምስል ሁሉ ይልቅ ቀልብ ይስባል። ካርሊንስኪ ያን ጊዜ የ84 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ 66ቱን ዓመት በአገልግሎት አሳልፈዋል። ይህ ዛሬ ሊታወቅ የቻለው ፎቶግራፍ አንሺው ስሙን፣ ዕድሜውንና ሥራውን ከሥዕሉ ጋር ስለ ጻፉ ነው።

ስለ ፕሮኩዲን ጎርስኪ ሲነገር ይህ ልማዳቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሊዘለል ግን አይገባውም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከመስታወቶቹ አነስተኛ የወረቀት ቅጂ እያተሙ በጉዞው ቅደም ተከተል በአልበም ይለጥፉ፣ በሥሩም የቦታውንና የነገሩን ስም ይጽፉ ነበር። ቅጂዎቹ ቀለም የላቸውም፤ ለዕይታ የሚያጓጉም አይደሉም። ለባለቤታቸው መዝገብ ነበሩ፤ የትኛው መስታወት የት እንደ ተነሣ የሚያሳይ ማውጫ። በዚያ ዘመን ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች መስታወቶቻቸውን በሣጥን አጭቀው ማስታወሱን ለጭንቅላታቸው ሲተዉት እኚህ ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ትዕግሥት ጨምረውበታል።

ሥራው በመንግሥት ተገዝቶ በአገር ቅርስነት እንዲቀመጥ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ግን ፍጻሜ ሳያገኝ አብዮቱ ደረሰ። በ1918 ፕሮኩዲን ጎርስኪ ከሩሲያ ወጡ። በኖርዌይና በእንግሊዝ ጥቂት ዓመታት ቆይተው በ1922 ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። ከስብስቡ ግማሽ ያህሉ በዚያ ግርግር ጠፋ፤ የተረፈው ክፍል በኋላ ፓሪስ ገባ። በስደት የቀድሞውን የሚያህል ሥራ ለመሥራት ገንዘቡም ደጋፊውም አልነበረም። ፓሪስ ከጀርመን ወረራ ነጻ በወጣች በወሩ፣ በመስከረም 1944፣ በ81 ዓመታቸው አረፉ።

መስታወቶቹ ያን ጊዜ በአንድ የፓሪስ አፓርትማ ምድር ቤት ተቀምጠው ነበር። ምድር ቤቱ እርጥበት ነበረው፤ በመስታወት ላይ የተቀባው የጄላቲን ሽፋን ደግሞ እርጥበትን አጥብቆ ይጠላል፤ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ይሻግታል። ሁሉም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ክፍል መሆኑ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1948 ስብስቡን ከወራሾቻቸው ገዛ፤ 1,902 የመስታወት ኔጋቲቮችና አልበሞቹ አትላንቲክን ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ ነበሩ የሚጎበኟቸው። በ2000 ቤተ መጻሕፍቱ መስታወቶቹን በሙሉ በስካነር አስነሣ። በ2001 ለተከፈተው ኤግዚቢሽን 122 ሥዕሎች በኮምፒዩተር ተገጣጥመው ቀለማቸውን አገኙ፤ በ2004 ደግሞ ሦስቱን ምስሎች በራሱ የሚያስተካክል የኮምፒዩተር ዘዴ ተሠርቶ ሁሉም በቀለም ታዩ።

ስካን የተደረገው ሥዕል ግን የመስታወቱን ዓይነት ትዕግሥት የለውም። የፕሮኩዲን ጎርስኪ መስታወት በምድር ቤት ተረስቶ ከቆየ በኋላ ወደ ብርሃን ቢያዙት ምስሉ ይታያል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንዲህ አይደለም። በውስጡ የሚሽከረከረው ሳህንና በላዩ የሚያንዣብበው ማንበቢያ በፀጉር ከሚገመት ክፍተት ባነሰ ርቀት ስለሚለያዩ ከጠረጴዛ አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻ ለዓመታት የተሰበሰበውን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል፤ ሳይወድቅም በዕድሜ ይደክማል። ብዙ ባለ ሙያ ፎቶግራፎቹን ወደ ዲስክ ያዛውርና ቦታ ለማስለቀቅ ከኮምፒዩተሩ ላይ ይደመስሳቸዋል። ዲስኩ መጠባበቂያ ነው ብሎ ያምናል፤ በእውነቱ ግን ብቸኛው ቅጂ ሆኗል። የፓሪሱ ምድር ቤት ማለት ይህ ነው።

በመዝገብ ጥበቃ ሥራ የተለመደው መጠን ሦስት ቅጂ ነው፤ በሁለት የተለያዩ የማስቀመጫ ዓይነቶች የተያዘ፣ አንዱም ከሌሎቹ ርቆ በሌላ ሕንፃ ወይም በሌላ ከተማ የሚቀመጥ። ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር ዘወትር እንደ ተሰካ ከቆየ ኮምፒዩተሩን የሚያጠቃው ቫይረስና የኃይል መዋዠቅ እርሱንም ያገኘዋል፤ ስለዚህ ከቅጂዎቹ አንዱ ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ ይቀመጣል። ፋይሎች በዝምታ ሊበላሹ ስለሚችሉ ለእያንዳንዱ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰላለታል፤ ቁጥሩ በየጊዜው ሲመሳከር የተለወጠው ፋይል ይለያል። ዲስኮቹም እስኪሞቱ አይጠበቁም፤ በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ ይተካሉ። ከሁሉ የሚረሳው የስሙ ነገር ነው። ካሜራው የሰጠው ተራ ቁጥር ብቻ ያለው ፎቶግራፍ ሃያ ዓመት ቢቆይ የሽማግሌውን የካርሊንስኪን ስም ሊነግረን አይችልም።

በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡት የፕሮኩዲን ጎርስኪ አልበሞች ውስጥ ወደ 700 የሚደርሱት ሥዕሎች መስታወታቸው በስብስቡ ውስጥ የለም። ቦታው፣ ሕንፃውና ሰዉ በትንሿ ቡናማ የወረቀት ቅጂ ላይ ይታያል፣ ስሙም በሥሩ ተጽፏል፤ ቀለሙን ግን ማንም መልሶ ሊያበራው አልቻለም።